የትንሿ ጣት ቅርንጫፍ

ሳሊማ የሰው ፊት ትረሳለች፤ እጅ ግን አትረሳም። አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመን ሳለ አንዲት ሴት ባጃጅ ውስጥ ሆና እጇን አውለበለበችላትና አለፈች። ማን ናት ስላት፣ «ስሟን እንጃ፤ ሌባ ጣቷ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ነው፤ ባምባሲ ያገባችው» አለችኝ። እኔ ስንት ዓመት ነግጄ የደንበኛዬን ስም እንኳ በቅጡ አልይዝም፤ እሷ ጣት ለይታ ታውቃለች።

እኔ ትሩፋት እባላለሁ። አሶሳ ገበያው አጠገብ ባነር፣ የጥሪ ካርድና ማኅተም የምትሠራ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። ወላጆቼ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። የወሎ ሰው ለዛ አለው ይባላል፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ለዛው አልቆ ቁጣው ብቻ የተረፈ ይመስለኛል። ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ድምፄ ከፍ ካለ ይቅር በሉኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሳሊማ እኔ ዘንድ ዲዛይነር ናት። ቀን ቀን የሱቅ ማስታወቂያና የሰርግ ካርድ ትሠራለች፤ የራሷ ሥራ ግን ሂና ነው። ሙሽራዋ የእጇን ፎቶ በቴሌግራም ትልክላታለች፤ ሳሊማ ፎቶውን ታብሌቷ ላይ ታደርግና በላዩ ትሥልበታለች። ሙሽራዋ አይታ ከወደደችው በኋላ ነው ሂናው የሚበጠበጠው። ሌሎች ሂና ሠሪዎች አንዱን ንድፍ በሁሉም እጅ ላይ ያኖሩታል። እሷ ግን ለእጁ ነው የምትሥለው፤ ጣቷ አጭር ለሆነች ሐረጉን ታስረዝምላታለች፤ እሳት ያቃጠላት ከሆነች ጠባሳውን ቅጠል ታደርግላታለች። አንዳንዷ ሙሽራ ሥዕሉን ታብሌቱ ላይ ስታየው «ይሄ የኔ እጅ ነው?» ብላ ስትስቅ ሰምቻለሁ።

ከሁሉም ግን አንድ ሥዕል አላት፤ የእናቷ ቅርንጫፍ። ሂና የሚሥል ሰው ብዙውን ጊዜ ከእጅ አንጓ ተነሥቶ በመሀል ጣት ነው የሚወጣው፤ እጅን መለሎ ያስመስላላ። የሳሊማ እናት ግን በትንሿ ጣት ታወጣው ነበር። ቀጭን ሐረግ ከአንጓው ይነሣና የእጁን ጀርባ ዳር ዳሩን ይዞ ሄዶ ትንሿ ጣት ላይ ይወጣል፤ ጥፍሯ ሥር ሲደርስ በአንዲት እምቡጥ ያልቃል። መሀሉ ባዶ ነው። «ትንሿ ጣት ከባድ ሥራ የላትም፤ እሷ እንኳ ትዋብ» ትል ነበር አሉ። ሳሊማ ገና ልጅ ሳለች እናቷ ሞተች፤ ያሳደጓት የእናቷ ወንድም ናቸው። አንድ ፎቶ እንኳ አልቀረላትም። የቀረላት ይህ ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ እሱንም ያወቀችው እናቷ በገዛ ጣቷ ላይ ስትሥልባት ነው። «አንዳንዴ እኮ እየሣልኩ ጣቴን ያሳክከኛል» ትለኛለች።

ቴሌግራም ቻናሏ ላይ ስታወጣው ሰው የወደደው ይህንኑ ነበር። ከሱዳን ድረስ የሚጽፉላት ሴቶች ነበሩ። ጌትነትንም ያመጣብን እሱ ነው።

ጌትነት በማንጎ ወቅት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። በጨርቅ ላይ ንድፍ የሚያትም፣ ሥዕል እየገዛ በኢንተርኔት የሚሸጥ ድርጅት ነው የላከው። መጥፎ ሰው ቢሆን ይህን ታሪክ መንገር በቀለለኝ። ጨዋ ነው፤ ሲገባ ጫማውን በር ላይ አራግፎ፣ «እትዬ ትሩፋት» ብሎ እጅ ነስቶ ነው። ስልኩን አውጥቶ ለሳሊማ የራሷን ሥራ አሳያት። «እነዚህን ልንገዛሽ ነው የመጣሁት። በተለይ ይሄኛውን» አለና ጣቱን ቅርንጫፉ ላይ አሳረፈ። ሳሊማ በሻሿ አፏን ሸፈነች። ስትደሰት እንዲህ ናት፤ ጥርሷን ለማንም አታሳይም።

መሸጥ ሲባል እኔም እሷም አንድ ነገር ነው የገባን። ሥዕሉን ወስደው ሻሽ ላይ ያትሙታል፤ እሷ ክፍያዋን ትቀበላለች፤ ነገም ሌላ ትሥላለች። ማታ ቤቴ ገብቼ ባሌን «የኛ ሳሊማ አዲስ አበባ ገባች» እያልኩ ስፎክር አመሸሁ።

አሁን ስለ አጎቷ ልንገራችሁ፤ ያለ እሳቸው ነገሩ አይገባም። ዐብዱልቃድር ይባላሉ፤ ሼህ የምንላቸው ለዕድሜያቸውና ለቁም ነገራቸው ነው። ከሆሞሻም ከመንጌም ማንጎ ይዞ የሚመጣ ገበሬ ከነጋዴ ጋር ሲዋዋል መሀል የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ነገሩ በሰው ሁሉ ፊት ይነገራል፤ ከዚያ እጅ ይዘረጋል፤ የቁርኣኑ መክፈቻ ጸሎት ፋቲሃ ይቀራል፤ አለቀ። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ። ከሽያጩ የሚወጣ ነገር ካለ ከፋቲሃው በፊት «ከዚህ በቀር» ተብሎ ይጠራል፤ «ማንጎዬን ሸጬልሃለሁ፣ ከጓሮዋ ዛፍ ፍሬ በቀር» ይላል ገበሬው። በቀር ሳይባል እጅ ከተዘረጋ ሁሉም ገብቷል ማለት ነው። እሳቸው ፋቲሃ የቀሩበት ውል ፈርሶ አያውቅም። ሰው እንጀራውን የሚያገኘው በእጁ ነው፤ እሳቸው በቃላቸው ነው የኖሩት።

ጌትነትም የአገሩን ወግ ጠይቆ፣ ልጅቱ አሳዳጊ እንዳላት ሰምቶ፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዞ ቤታቸው ሄደ። አክብሮት መሆኑ ነበር። እኔና ሳሊማ ሱቅ ውስጥ የምርጫ ሰሞን ያህል የተቆለለ ባነር ስንቆርጥ ነው የዋልነው፤ አላወቅንም። ከሰዓት በኋላ የአጎቷ ልጅ ነፊሳ ደወለች። በስልኩ ውስጥ እልልታ ይሰማል። «ሳሊማ! የሥዕልሽ ፋቲሃ ተቀራ!»

የተባለውን በኋላ ነው ያጣራሁት። ሼህ ዐብዱልቃድር በቀርቀሃው አጥር ጥላ ሥር ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው፣ «ምንድነው የምትገዛው?» ብለው ጠየቁት።

«የሳሊማን ሥዕሎች፣ ከነመብታቸው» አለ ጌትነት።

«ኩሉ? ሁሉንም?»

«አዎ፣ ሁሉንም።»

«ኩሉ» አሉ እሳቸውም፤ በኩራት ነው ያሉት። በቀር የሚባል ነገር አልታያቸውም። ሥዕል ማለት ለእሳቸው ያ መስታወት ላይ የሚያበራው ነገር ነው። እጅ ላይ ያለው ሂና ደግሞ ሌላ፤ እሱ የእህታቸው ነው። ማንጎ የሸጠ ሰው ፍሬውን ነው የሚሸጠው፤ ዛፉ እዚያው ይቀራል። እንዲህ ነው ያሰቡት። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰዉም ዘረጋ፣ ጌትነትም እስላም ባይሆንም አብሯቸው ዘረጋ።

በማግስቱ ውሉ በኢሜይል መጣ። ያተምኩት እኔው ነኝ፣ በገዛ ማሽኔ። ወረቀቱ ሲወጣ እያየሁ ማንበብ ጀመርኩ፤ መሀሉ ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ሥራውንና ከሥራው ጋር የሚመሳሰሉ ንድፎችን በጨርቅ፣ በወረቀት፣ በዲጂታል ገጽ፣ በሰው አካል ላይ ጭምር የማባዛትና የመጠቀም መብት ለዘለቄታው ለገዢ ብቻ ተላልፏል» ይላል። ደግሜ አነበብኩት።

«ሳሊማ፣ በሰው አካል ላይ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኳት።

ወረቀቱን ተቀብላኝ አነበበችው። ከዚያ የራሷን እጅ ገልብጣ አየችው። «ሂና ማለት ነው» አለች።

ጌትነትን አስጠራሁት። መጣ፣ ጫማውን አራገፈ፣ ተቀመጠ። ለመቆጣት አፌን ስከፍት ሳሊማ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ፤ መነጋገሩን ራሷ ነው የፈለገችው። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። አንዳንዱ ሰው ዝግ ሲል የተሸነፈ ይመስላል፤ ሳሊማ ግን ሐሳቧን እያደላደለች ነው።

«ሌሎቹን ሥዕሎች ሁሉ ውሰዱ። ቅርንጫፉን ተዉልኝ» አለችው።

«ሳሊማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሌሎቹ ቢቀሩ ድርጅቱ አይከፋውም። የመጣነው ለቅርንጫፉ ነው።»

«እሺ፣ ቅርንጫፉንም ውሰዱት። ጨርቅ ላይ አትሙት፣ የፈለጋችሁት ላይ አትሙት። እጅ ላይ መሣሉን ብቻ ተዉልኝ።»

ጌትነት ቦርሳውን ከፍቶ ትንሽ ላስቲክ መሳይ ወረቀት አወጣ። ስቲከር ነው። በእርጥብ ጨርቅ ተጭነው ይይዙትና ሲያነሡት ሂና የመሰለ ሥዕል ቆዳ ላይ ይቀራል። «ዋናው ምርት እኮ ይሄ ነው» አለ። «ሴቶች ሂና ሠሪ ጋ ቁጭ ብለው መዋል አይችሉም፤ ሥራ አላቸው። አንቺ ቅርንጫፉን በእጅሽ እየሣልሽ ከቀጠልሽ፣ ሌላዋም ካንቺ አይታ ከሣለች፣ ይሄን ማን ይገዛል? ለአለቆቼ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ እሱን አንቀጽ አይነኩም።»

«ስሜስ? ስሜ ይጻፍበት» አለች።

እዚህ ላይ እሱም አፈረ። «ምርቱ በድርጅቱ ስም ነው የሚወጣው። እንዲያውም... ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ አንብቢው፤ የኔ ሥራ ነው ብለሽ መናገርም አትችይም።»

ከዚህ በኋላ እኔ ያልኩትን ሁሉ መድገም አያስፈልግም። የማተሚያ ቤቴ ደንበኞች ጥለው እስኪወጡ ጮህኩ። ጌትነት አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ «እትዬ፣ እኔ ተላላኪ ነኝ፤ አልፈርምም ካለች አላስገድዳትም» አለ። ልክ ነው፣ ማንም አላስገደዳትም። ነገሩ የከፋው በዚህ ነው።

እሱ ሲወጣ፣ «በቃ፣ አልፈርምም በይ። ጠበቃ የሆነ ሰው አውቃለሁ፤ ይሄን ወረቀት ብጥስጥሱን ያወጣዋል» አልኳት።

«ጠበቃው ወረቀቱን ያፈርሰው ይሆናል» አለች። «ፋቲሃውን ማን ያፈርሰዋል?»

እኔም እዚሁ አገር ነው ያደግሁት። እሷ አልፈርምም ያለች ቀን የአጎቷ ቃል ገበያ መሀል ወደቀ ማለት ነው። ሸሚዙን የቀደደ ሰው ሌላ ይገዛል፤ እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው ሌላ ስም ከየት ያመጣሉ? ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤት ያስገቧት፣ «ሴት ልጅ ከማሽን ጋር ምን አላት» ሲባሉ ታብሌት የገዙላት እሳቸው ናቸው። በአንድ በኩል እናቷ፣ በሌላው በኩል የእናቷ ወንድም፤ ሳሊማ መሀል ላይ ቆመች።

አብሬያት ሄድኩ። ሼህ ዐብዱልቃድር ግቢያቸው ውስጥ የነፊሳን ሰርግ እያሰናዱ ነበር፤ ሰርጉ ቀርቧል፤ ዳስ የሚሆን ቀርቀሃ ተቆልሏል። ሳሊማ በበርታኛ ነገረቻቸው። እኔ ቋንቋውን እሰማለሁ፤ ከመናገር ነው የማፍረው። ምንም አልጨመረችም፣ አላለቀሰችም። «ኻሊ፣ ሥዕሉ ብቻ አይደለም የሄደው፤ የእናቴን እጅ ነው የወሰዱት። ከእንግዲህ በማንም እጅ ላይ መሣል አልችልም» አለቻቸው። ኻሊ በዐረብኛ የእናቴ ወንድም ማለት ነው፤ ስትወዳቸው ነው እንዲህ የምትላቸው።

ሽማግሌው የያዙትን ቀርቀሃ ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የሚያወሩት፤ ስንተዋወቅ ስንት ዘመናችን፣ አንድ ቀን አንቺ ብለውኝ አያውቁም፤ ለእሳቸው ሴቱም ወንዱም አንተ ነው።

«ትሩፋት፣ አንተ ወረቀት ያውቃል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ሼህ።»

«ዛፍም አብሮ ሄደ?»

«አብሮ ሄደ።»

ቁጭ አሉ። አፈሩን በእንጨት እየጫሩ፣ «ሳሊማ ጥሩ ልጅ ነው። አልፈልግም ካለ እኔ ምንም አልልም። ጌትነትን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ገበያ ደግሞ... ገበያ ከእንግዲህ አልቀመጥም፤ ሌላ ሰው ይቀመጥ» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ ቅሬታ የለበትም። ቢቆጧት ምን ነበረበት! ቢቆጧት እልህ ይዟት እንቢ ትላለች። እንዲህ አድርገው ሲፈቷት ጊዜ ነው ጨርሳ የታሰረችው።

ሽማግሌው ግን ዝም ብለው አልተዉትም። ጌትነትን ያንኑ ቀን አስጠርተው፣ ያንኑ ጎረቤት ሰብስበው፣ እዚያው አጥር ጥላ ሥር አስቀመጡት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፋቲሃ ከተቀራ በኋላ በቀር ሊሉ ነው። ምን ያህል እንደከበዳቸው ከግንባራቸው ላብ ይታያል።

«ጌትነት፣ ያን ቀን ሁሉንም ስትል፣ እጅም አብሮ እንዳለ አንተ ያውቅ ነበር?»

ጌትነት መዋሸት ይችል ነበር። «አውቅ ነበር፣ ሼህ። እርስዎም የሚያውቁ መስሎኝ ነው። ሁሉንም አልኩ» አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ እውነት ነው። አንተ ሁሉንም አለ። እኔ ኩሉ አለ። ሰው ሰማ፤ አላህ ሰማ።» ከዚያ እንደ ልጅ በሚለማመጥ ድምፅ፣ «እጅ ብቻ... በቀር ማለት ይቻላል ወይ?» ብለው ጠየቁት።

ጎረቤቶቹ ሁሉ መሬት መሬቱን አዩ። እኔም ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ጌትነት፣ «በእኔ እጅ ቢሆን፣ ሼህ...» ብሎ ሳይጨርሰው ቀረ። በእሱ እጅ አልነበረም። በማንም እጅ አልነበረም።

ያን ጊዜ ሳሊማ ተናገረች። «እፈርማለሁ» አለች። አጎቷ ቀና ሲሉ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው። «ግን ከነፊሳ ሰርግ ማግስት ነው የምፈርመው። እስክፈርም ድረስ ሥዕሉ የኔ ነው፤ አይደለም?»

ጌትነት ወረቀቱን አገላበጠ። «ውሉ የሚጸናው ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ነው» አለ።

«ስለዚህ እስከዚያ የሣልኩት የኔ ነው።»

«ያንቺ ነው።» ለአለቆቹ ደውሎ፣ ሰርግ አለ ብሎ፣ በረራውን አራዘመ። ይህን ያህል አደረገ፤ ልክደው አልችልም።

የሂናው ቀን ደረሰ። ወግ ከሆነ ሂና የሚደረግላት ሙሽራዋ ናት፤ እህትና ጓደኞቿም ትንሽ ትንሽ ይቀባሉ። ነፊሳ በጠዋት እጇን ዘረጋችና፣ «የእናትሽን» አለቻት። ሳሊማ ከአንጓዋ ጀምራ ሣለችላት። ጎንበስ ብላ፣ ቀስ እያለች፣ ያለ ታብሌት፣ ያለ ንድፍ። እምቡጡን ጥፍሯ ሥር ስታሳርፍ ነፊሳ እንባዋን መጥረግ አልቻለችም፤ ሁለቱም እጇ እርጥብ ሂና ነው። እኔ ነኝ በነጠላዬ የጠረግሁላት።

ነገሩ ሰፈሩ ውስጥ እንዴት እንደተሰማ አላውቅም፤ ማንም አልጠራም። መጀመሪያ የጎረቤት ሴቶች መጡ። ቀጥሎ ከዚህ ቀደም ሳሊማ የሣለችላቸው፣ አግብተው የወለዱ ሴቶች ልጅ አዝለው መጡ። ከባምባሲ መንገድ ያቺ ጣቷ የጎበጠው ሴት መጣች። ማተሚያ ቤቴ ካርድ ልታሠራ የምትመላለስ የጴንጤ ሙሽራ ገላኔም ከእናቷ ጋር መጥታ ተራ ያዘች፤ «እኛ ሂና አናደርግም ነበር፣ ግን ዛሬ ይሁን» አሉ እናቷ። አጥሩ ሥር በረድፍ ተቀምጠው ትንሿ ጣታቸውን እየዘረጉ ይጠብቃሉ። ሳሊማ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሄደች። ምሳ አቀረብንላት፤ አልበላችም። ጣቷ ሲደነዝዝ ታራግፈዋለች፤ ትቀጥላለች። አንዲት ልጅ ስልኳን አውጥታ ፎቶ ልታነሣ ስትል፣ «ተይው፤ እጅሽ ላይ ይበቃል» አለቻት።

እኔም ዘረጋሁ። እጄ በቀለምና በወረቀት መቁረጫ የተበላሸ ነው፤ አንድም ቀን ለውበት አስቤው አላውቅም። ሳሊማ ያዘችውና አገላብጣ አየችው። «እትዬ፣ እጅሽ እኮ ያምራል» አለችኝ። ያን ሁሉ ቀን ያልተነፋረቅሁት ሴትዮ እዚያ ላይ አለቀስኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ረድፉ አለቀ። ሳሊማ ሂናው የቀረበትን ሳሕን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ሼህ ዐብዱልቃድር መጥተው ፊቷ ተቀመጡ። እዚያ አካባቢ ወንድ ሂና የሚያደርገው ሙሽራ ሲሆን ነው፤ በዚያ ዕድሜ ሂና ያደረገ ወንድ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ በየገበያው ለፋቲሃ የሚዘረጋው ያ እጅ ነው። ትንሿን ጣት ለብቻዋ አወጡ። ሳሊማ በሳሕኑ ውስጥ የቀረውን ጠርጋ ሣለችላቸው።

በሰርጉ ማግስት፣ እዚያው አጎቷ ግቢ ውስጥ ፈረመች። ምስክሮቹ እኔና አጎቷ ነን። ጌትነት እስክሪብቶ ሲያቀብለኝ እጄን አየ፤ ወደ ሽማግሌው ሲያዞር የእሳቸውን አየ፤ ሻይ ያመጡለት ሴቶች እጅ ላይም ያው ቅርንጫፍ አለ። ሻዩን ሳይጠጣ ተነሣ። በር ላይ ደርሶ የሚለው ነገር ያለ መስሎኝ ነበር፤ ጫማውን ብቻ አሠረ።

ሂና ይለቃል። በየቀኑ ልብስ የምታጥበዋ ሴት ላይ ቶሎ ለቀቀ፤ ገበያ ስሄድ የሴቶቹን እጅ እያየሁ የትኛው እንደቀረ አውቅ ነበር። እኔ በላስቲክ ጓንት እቃ አጠብኩ፤ ባሌ ሳቀብኝ። ከቆዳዬ ሲጠፋ ጥፍሬ ላይ ቀረ፤ ጥፍር ላይ የዋለ ሂና ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ድረስ አይሄድም። የትንሿን ጣቴን ጥፍር ሳልቆርጥ ከረምኩ። አሁን ጫፉ ላይ ጭረት የምታህል ቀይ ናት የቀረችው።

ሳሊማ አሁንም እኔ ዘንድ ናት። በከፈሏት አዲስ ታብሌት ገዛች፤ ጥሩ ነው፣ መብራት ሲሄድም ይቆያል። ሂና ትሠራለች፤ በመሀል ጣት። አንዳንዴ ታብሌቷ ላይ ስትሥል ሐረጉ ሳታስበው ወደ ዳር ሲያዘነብልባት አያለሁ፤ ብዕሩን ታነሣና ታጠፋዋለች። «የሚመሳሰል» ይላል ወረቀቱ። ምን ያህል ሲመሳሰል እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ሁሌ ትፈራለች። የገዛ እጇን እየጠበቀች የምትኖር ሆናለች።

ስቲከሩ አሶሳ የደረሰው በቅርቡ ነው። ገበያው ውስጥ ከፀጉር ማስያዣና ከጥፍር ቀለም ጋር ተሰቅሎ ይሸጣል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሙሽራ ከእህቶቿ ጋር ወደ ሱቄ መጣች። ሂና ሠሪዋን ፈልጋ ነው። ቦርሳዋን ከፍታ ስቲከሩን አወጣችና፣ «ራሴ ስለጥፈው ይጣመምብኛል። አንቺ እጅሽ የተካነ ነው አሉኝ፤ ትለጥፊልኛለሽ?» አለቻት።

እኔ ከማሽኑ ጀርባ ነበርኩ። ላባርራት ነው የተነሣሁት፤ በእውነት ነው የምላችሁ። ሳሊማ ግን ወንበር ሳበችላትና፣ «ቁጭ በይ» አለቻት። ጨርቅ አረጠበች። ስቲከሩን ከላስቲኩ ላጠችው፤ የእናቷን ቅርንጫፍ የሙሽራዋ አንጓ ላይ አሳረፈች፤ የእጁን ዳር አስይዛ ወደ ትንሿ ጣት አወጣችው። በመዳፏ ተጫነችውና እስኪይዝ ያዘችው። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። ስታነሣው ሥዕሉ ቀርቷል፤ እምቡጡም ጥፍሯ ሥር አለ።

ሙሽራዋ እጇን ወደ ብርሃን አወጣች። «ውይ! ሲያምር! በትንሿ ጣት ሲወጣ አይቼ አላውቅም» አለች። ማሸጊያውን ገለበጠችው፤ የድርጅቱ ስም ብቻ ነው ያለበት። «ማን ሣለው ይሆን?»

የኔ ነው እንዳትል ወረቀቱ ከልክሏታል። ሳሊማ ጨርቁን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እናቴ» አለች።

«እናትሽ? የእውነት? ስማቸው ማን ይባላል?»

«ሐጅራ» አለች ሳሊማ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ስሟን ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ እናቴ ብቻ ነበር የምትላት። «ሐጅራ ናት የሣለችው።»

ሙሽራዋ ለእህቶቿ ነገረቻቸው፤ እነሱም ስሙን እየተቀባበሉ ወጡ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ልጃገረዶች በሩ ላይ ቆመው ነበር። አንደኛዋ በያዘችው ስቲከር ፊቷን እያራገበች፣ «የሐጅራን የምትለጥፈው እዚህ ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ ናት አልኳት። ሳሊማ ወንበር ሳበችላቸውና ጨርቁን ልታረጥብ ሄደች።